አንቱታ የሌለበት ሀገር፦ 13 ቀን ከእህቴ ልጆች ጋር ሜልበርን

ከመሄዴ በፊት እማዬ የሰጡኝ አደራ አንድ ነው። በርበሬውን፣ ነጠላውን፣ የልጆቹን የአንገት መስቀል ሻንጣ ውስጥ ከከተቱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው "ልጆቹን አንቱታ አስተምሪልኝ" አሉኝ። እማዬ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፣ እኛ ልጆቻቸው እንኳን እስከዛሬ አንቱ ነው የምንላቸው፣ አውስትራሊያ የተወለዱት የልጅ ልጆቻቸው ግን በስልክ "አያቴ አንቺ ደህና ነሽ?" ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰሉ ይውላሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ውሎዬ ከወጣት ጋር ስለሆነ የዛ ሀገር ወጣት እንዴት ነው የሚኖረው የሚለው ከድሮም ያጓጓኝ ነበር። ማታ ማታ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ነው እዚህ የማወርደው፣ ቀኖቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው፣ ዓመቱ 2017፣ ስለነሱ ሀገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ግን በነሱ አቆጣጠር ናቸው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

በዱባይ ዞሬ ገባሁ፣ ሰዓታቸው ከኛ በ7 ሰዓት ስለሚቀድም ሰውነቴ የትኛው ቀን ላይ እንዳለ አያውቅም ነበር። ኤርፖርት ላይ ይዘሽ የመጣሽውን የሚበላ ነገር ሁሉ ፎርም ላይ ጻፊ ይላሉ፣ ደብቀሽ ከተገኘብሽ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ እኔ በርበሬውንም ኮረሪማውንም አንድ በአንድ ጻፍኩ። ፈታሹ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ከፍቶ አየና ፈገግ ብሎ "ኖ ዎሪስ" ብሎ አሳለፈኝ። ይቺን ቃል ከዛ በኋላ በየደቂቃው ነው የሰማኋት፣ ይቅርታ ስትጠይቂ ኖ ዎሪስ፣ ስታመሰግኚ ኖ ዎሪስ፣ ቡና ስታዢ ኖ ዎሪስ፣ የኛን "ምንም አይደል"ን፣ "ችግር የለም"ን እና "እሺ"ን አንድ ላይ የያዘች ቃል ነች።

እህቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሰራና ሺፍት ላይ ስለነበረች የተቀበለኝ ልጇ ማሙሽ ነው። 19 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ በር ሊነካ ምንም አልቀረውም ግን ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የሚባለው። መኪናው ፊትና ኋላ ላይ አረንጓዴ "ፒ" ተለጥፏል፣ ምንድነው ስለው ሙሉ መንገዱን አስረዳኝ። እዛ 18 ሲሞላሽ ዝም ብሎ መንጃ ፈቃድ አይሰጥሽም፣ መጀመሪያ "ኤል" ለጥፈሽ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ 120 ሰዓት መንዳትሽ በመዝገብ ተጽፎ መቅረብ አለበት፣ ከዛ ቀይ ፒ አንድ ዓመት፣ ከዛ አረንጓዴ ፒ ሦስት ዓመት። ፒ ለጥፈሽ እየነዳሽ ጠብታ አልኮል ደምሽ ውስጥ ከተገኘ አለቀልሽ፣ ስለዚህ ጓደኛሞች ሲወጡ የሚነዳው ልጅ ማን እንደሆነ ቀድሞ ይወሰናል፣ እሱ ለስላሳውን ይዞ ሲጫወት ያመሻል፣ ማንም ጠጣ ብሎ አይገፋፋውም። እህቴ እነዛን 120 ሰዓቶች አጠገቡ የተቀመጠችው እራሷ ነች፣ ከስራ ደክማ ገብታ ማታ ማታ። "እንደዛ ያወራንበት ጊዜ የለም፣ መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ደስም አለኝ አዘንኩም" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

የሚኖሩት ፉትስክሬይ ነው፣ ከመሃል ከተማ ወደ ምዕራብ በባቡር ትንሽ ደቂቃ። ኒኮልሰን ስትሪት ላይ ስትሄጂ የእንጀራ ቤት፣ የቬትናም ፎ ቤት፣ እንደገና የእንጀራ ቤት፣ ከውስጥ የቡና ሽታ ይወጣል፣ በአማርኛ የተጻፈ ታፔላ ሳይ እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ።

ማሙሽ ትምህርት በሌለው ቀን ካፌ ውስጥ ባሪስታ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጡ የጣልያንና የግሪክ ስደተኞች ናቸው የኤስፕሬሶን ባህል እዛ ያስለመዱት፣ አሁን ግን የወጣቱ ሃይማኖት ሆኗል ማለት ይቻላል፣ ፍላት ዋይት፣ ሎንግ ብላክ፣ የአጃ ወተት፣ የአልሞንድ ወተት... ማሙሽ የደንበኛውን ስምና ትዕዛዝ በቃሉ ያውቃል፣ ሰውየው በሩን ሲከፍት ቡናው ተጀምሯል።

የገረመኝ ግን ሰልፉ ነው። ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ፣ ከኋላው የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ ያደረገ የቧንቧ ሰራተኛ፣ ከሱ ኋላ ተማሪ፣ ማሙሽ ሁሉንም በአንድ ድምፅ "ሃው ያ ጎዊንግ ሜት" ነው የሚላቸው፣ "እንዴት ነህ ወዳጄ" እንደማለት ነው። ሱፍ የለበሰውን ማን እንደሆነ ስጠይቀው በስሙ ጠርቶ ነገረኝ፣ የትልቅ ድርጅት ሃላፊ ነው። "ሚስተር አትለውም?" አልኩት፣ "ሚስተር ብለው የተቆጣሁት ይመስለዋል" አለኝ። የቧንቧ ሰራተኛው ደግሞ ገና 22 ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ አፕረንቲስ ሆኖ እየተከፈለው ነው ሙያውን የተማረው። እነሱ እንደዚህ አይነት ባለሙያ "ትሬዲ" ይሉታል፣ ማንም ዝቅ አድርጎ አያየውም፣ ገቢውም ጥሩ ነው። ይሄን ደብተሬ ላይ ሁለቴ አሰመርኩበት ምክንያቱም እኔ ጋ ቴክኒክና ሙያ ደረሰህ የተባለ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው፣ ወላጆቹም ያፍራሉ፣ ይሄ ነገር ሁሌ ያቃጥለኛል።

"ሃው ያ ጎዊንግ" ጥያቄ ይመስላል ግን መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ የለም። አንዳንድ የሀበሻ ሰዎች ይሄን ቅዝቃዜ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የኛም "እንዴት ነህ? ሰላም ነው? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና?" እኮ መልስ አይጠብቅም፣ እየተሳሳምን ሁለታችንም በአንዴ ነው የምንጠይቀው። ያው ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የማሙሽ እህት ሚሚ 16 ዓመቷ ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ኮት ሁሉ አድርጋ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ሜልበርን ያለችበት የቪክቶሪያ ክልል የመንግስት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ስልክ ከልክለዋል፣ ጠዋት ስልኳን ሎከሯ ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ ከሰዓት ታወጣዋለች። ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ፓርላማው ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሶሻል ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ሕግ አውጥቷል፣ ስራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ነው። ሚሚ እድሜዋ ስላለፈ አይነካትም ግን ተናዳለች፣ "ሳይጠይቁን ስለኛ ወሰኑ" ትላለች። እኔ እንደ አስተማሪ ሕጉ ደስ ብሎኛል፣ እሷ ግን በቁጣ ሳይሆን ነጥብ በነጥብ ተከራከረችኝ፣ አክስቴ ነሽና ልቀበልሽ የሚባል ነገር የለም፣ መጀመሪያ ትንሽ ከበደኝ ከዛ ግን ወደድኩላት።

ሐሙስ ማታ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ሆና ትሰራለች። የራሷ ባንክ አካውንት፣ የራሷ የግብር ቁጥር አላት። እህቴ ይሄ ነገር ሲጀመር "ልጄ ምን ጎደለባት" ብላ አልቅሳ ነበር፣ ሰው ምን ይላል ብላ። ግን እዛ የዶክተሩም ልጅ የጽዳት ሰራተኛዋም ልጅ 15 አካባቢ ሲደርስ ስራ ይጀምራል፣ ድህነት ስለሆነ አይደለም፣ በቃ የማደግ አንዱ ክፍል ነው። ሀገር አቀፍ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ያኔ 24 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር፣ በእድሜ ትንሽ የሆነ ልጅ ከዛ ዝቅ ይልበታል፣ ቋሚ ያልሆነ ማለትም ካዥዋል ሰራተኛ ደግሞ 25 በመቶ ይጨመርለታል ምክንያቱም የዓመት እረፍትና የህመም ፈቃድ ክፍያ የለውም። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ የ16 ዓመት ልጅ ነች፣ መብቷን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች።

ማታ ላመጣት ሄጄ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ባዶ እግሩን ወተት የሚገዛ ጎረምሳ አየሁ። ምን ሆኖ ነው? ምንም አልሆነም፣ እንደዛ መሆን ስለፈለገ ነው፣ ዞሮ ያየውም ሰው የለም። ወደ ቤት ስንመለስ በአውቶቡስ ነበር፣ ሰው ሲወርድ ሁሉም በየተራ ለሾፌሩ ጮክ ብሎ "ታንክ ዩ" ይላል፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን የሰካው ልጅ ሳይቀር አውጥቶ አመስግኖ ነው የሚወርደው። ሚሚም። ማን አስተማረሽ አልኳት፣ "ማንም፣ ሾፌሩ እኮ አድርሶኛል" አለችኝ።

አርብ፣ ሚያዝያ 17

ይሄን ቀን መቼም አልረሳውም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ማሙሽ በሬን አንኳኳ። እኔ በዚህ ሰዓት ተነስቼ የምወጣው ለፋሲካ ወይ ለጥምቀት ነው፣ ባቡሩ ውስጥ ስንገባ ግን ጨለማ ውስጥ በወጣት ተሞልቷል፣ ኮፍያና ሻርፕ አድርገው፣ አብዛኛው ዝም ብሎ። አንዛክ ዴይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ኤፕሪል 25 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ጦር ቱርክ ጋሊፖሊ ላይ ከባህር የወረደበት ቀን፣ ስምንት ወር ተዋግተው ከ8 ሺህ በላይ አውስትራሊያዊ ሞቶ ለቀው የወጡበት ጦርነት። ማለት ተሸንፈዋል እኮ! እኔ ዓድዋን የማስተምር ሰው ነኝ፣ የኛ በዓል ፉከራ፣ ሽለላ፣ ፈረስ፣ ጎፈር ያለበት ነው፣ ያሸነፍንበትን ቀን ነው የምናከብረው። እነዚህ ደግሞ የተሸነፉበትን ቀን በየዓመቱ ለሊት ተነስተው ቆመው ያስባሉ።

ከፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ በእግር ወደ መታሰቢያው ሄድን፣ ሽራይን ኦፍ ሪመምብራንስ ይባላል፣ ኮረብታ ላይ ያለ ትልቅ የድንጋይ ሕንጻ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሟል ድምፅ የለም። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አፍንጫዋ ላይ ቀለበት፣ ጸጉሯ ግማሹ ሮዝ፣ ኮቷ ላይ ግን ሦስት ያረጁ ሜዳሊያዎች በቀኝ በኩል ተደርድረዋል። ማሙሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "በግራ የሚደረገው የራስሽ ከሆነ ነው፣ በቀኝ ከሆነ የቤተሰብ ነው፣ የቅድመ አያቷ ይሆናል" አለኝ።

ከዛ የሜልበርን ምድር ከጥንት ባለቤቶች አንዱ የሆነው የቡኑሮንግ ሕዝብ ሽማግሌ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር ጀመሩ። ይሄ ልማድ ነው፣ ትልቅ ስብሰባ ሲከፈት የመሬቱ የቀድሞ ባለቤቶች ይታሰባሉ። እና እዛ ጨለማ ውስጥ ከአንድ በኩል ጩኸት ተነሳ፣ ማንጓጠጥ፣ "ቡ" እያሉ። ሰውነቴ ደነገጠ። አንድ ሁለት ሰከንድ ሁሉም ዝም አለ፣ ቀጥሎ ጭብጨባ ተነሳ፣ እዛ ቦታ ማጨብጨብ የተለመደ አይመስለኝም ግን ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሮዝ ጸጉሯ ልጅ እጇ እስኪቀላ፣ ማሙሽም፣ እኔም፣ ጩኸቱ እስኪዋጥ ድረስ። ሽማግሌው ንግግራቸውን ጨረሱ። በኋላ ዜና ላይ ከጮሁት ውስጥ ኒዮ ናዚዎች እንደነበሩ ሰማን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የተቃዋሚው መሪም አወገዙት። እዛ ሀገር ዘረኝነት የለም ብሎ የሚነግራችሁ ሰው አትመኑት፣ ማሙሽ እራሱ ስንት ነገር እንደደረሰበት በመንገድ ላይ ነገረኝ፣ ግን ያን ጭብጨባም አይቻለሁ።

ጡሩንባው ሲነፋ፣ ከዛ የአንድ ደቂቃ ጸጥታ፣ ቀጥሎ ሰማዩ ግራጫ እየሆነ ወፎቹ ሲጀምሩ... ማሙሽ ድንገት በአማርኛ "እኛስ ቤት ወታደር ነበረ?" አለኝ። የእማዬ አባት እኮ በጣልያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ፣ ኒሻናቸው እስከዛሬ እማዬ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አለ። ልጁ 19 ዓመቱ ሲሆን ይሄን አያውቅም ነበር። የኛ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ነው፣ ልክ ከአንዛክ ዴይ አስር ቀን በኋላ። ነገርኩት። እስከ ጣቢያው ድረስ ምንም አላወራም።

ከሰዓት ደግሞ ኤምሲጂ የሚባለው ትልቁ ስታዲየም ሄድን፣ የጓደኛው ቤተሰቦች ትርፍ ቲኬት ነበራቸው። ከ1995 ጀምሮ በዚህ ቀን ኮሊንግውድ እና ኤሰንደን ናቸው የሚጫወቱት፣ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። ፉቲ ይሉታል፣ ኳሱ እንቁላል ቅርፅ አለው፣ ሜዳው ክብ ነገር ነው፣ በአንድ ቡድን 18 ተጫዋች፣ በሁለቱ መሃል ምሶሶዎች በእግር ከገባ 6 ነጥብ፣ ወደ ጎን ባሉት ከሄደ 1 ነጥብ፣ ኳሱን ለመያዝ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ይወጣል። ሕጉ የተጻፈው እዛው ሜልበርን በ1859 ነው። ከጨዋታው በፊት ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ ዝም ሲል የባንዲራ ገመድ ምሶሶው ላይ ሲጋጭ ይሰማል። የሁለቱ ቡድን ደጋፊ ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የስጋ ፓይ በቲማቲም ሶስ ይበላሉ፣ አጥር የሚለያቸው ነገር የለም። ኮሊንግውድ አሸነፈ። ሜልበርን ውስጥ ከስምሽ ቀጥሎ የምትጠየቂው "የማን ደጋፊ ነሽ" ነው፣ እኛ ቤት ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፣ የፉትስክሬይ ቡድን ስለሆነ፣ ከ1954 በኋላ ዋንጫ ያገኘው በ2016 ነው፣ እህቴ የዛን ቀን ሰፈሩ ሲያለቅስ አብራ እንዳለቀሰች ነገረችኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

የማሙሽ ጓደኛ 21 ዓመት ሞላው። ለአቅመ አዳም የሚባለው በሕግ 18 ነው፣ መጠጥም ምርጫም በ18 ነው፣ ግን ትልቁ ድግስ 21ኛው ነው፣ ከድሮ የቀረ ልማድ። ጥሪው ላይ "ሳህን ይዛችሁ ኑ" የሚል አለበት፣ ምግብ ያለበት ሳህን ማለት ነው። ሌላ ደግሞ የምትጠጪውን ይዘሽ ነው የምትሄጂው። እህቴ ምስር ወጥና እንጀራ ጠቅልላ ሰጠችን፣ ከልጆቹ ብዙዎቹ ስጋም እንቁላልም የማይበሉ ስለሆኑ የኛ የጾም ምግብ መጀመሪያ ነው ያለቀው።

ጓሮ ውስጥ ባርቤኪው፣ ቋሊማ በአንድ ስላይስ ዳቦ ተጠቅልሎ፣ ትልልቅ የበረዶ ሳጥኖች። አባትየው ተነስቶ ንግግር አደረገ፣ እኔ ምርቃት ጠብቄ ነበር። ልጁ በአምስት ዓመቱ ሱሪው ላይ የሸናበትን ቀን፣ መኪና አጥር ላይ የነዳበትን፣ መጀመሪያ የያዛት ሴት ልጅ የተወችውን ሁሉ በፎቶ ጭምር አወራበት፣ ጓደኞቹም በየተራ ተነስተው አወረዱበት፣ ልጁ ቀልቷል ግን ፊቱ ያበራል። ማሙሽ እንደገለጸልኝ እዛ አንድን ሰው ፊት ለፊት ማሞገስ ያሳፍራል፣ የሚወዱሽ ከሆነ ይቀልዱብሻል፣ በትህትና "ሰር" እያሉ የሚያናግሩሽ ከሆነ ያኔ ነው የሚያሰጋሽ። እራሱን ከፍ ከፍ የሚያደርግን ሰው ደግሞ ከሌላው በልጦ እንዳደገ አበባ ቶሎ ነው የሚቆርጡት። አባትየው መጨረሻ ላይ ግን ድምጹ ተሰበረ፣ "ጥሩ ሰው ሆነሃል" አለውና ተቃቀፉ። እሱ ለኔ ምርቃት ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ "ሻውት"። መጠጥ ቤት ሲሄዱ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ልክ እንደ ዕቁብ ነው! ተራው ሲደርስ የሚጠፋ ልጅ ስሙ ይጠፋል፣ ማሙሽ ለስላሳ እየጠጣም ተራውን ይከፍላል። ምግብ ቤት ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱን ነው የሚከፍለው፣ እኛ "እኔ ልክፈል" ብለን የምንታገለውን አያውቁትም።

እሁድና ሰኞ፣ ሚያዝያ 19 እና 20

ዳግማይ ትንሣኤ ስለሆነ እህቴ ሳይቀደስ የትም አትሄዱም አለች። ቤተክርስቲያን ማሙሽ ቄሱን መስቀል ተሳልሞ "አባ አንተ ደህና ነህ?" አላቸው፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ፣ እሳቸው ግን ሳቁና "ከእንቅልፍህ ተነስተህ መጣህ አይደል፣ ይበቃኛል" አሉት። ከዛ እኔ፣ ማሙሽና ሁለት ጓደኞቹ ግሬት ኦሽን ሮድ ወደሚባለው የባህር ዳርቻ መንገድ ወጣን።

መኪና ውስጥ ትምህርት ጀመርኩ፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ። ጓደኞቹም አብረው ተማሩ፣ አንዱ "ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለብዙ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በምላሹ እነሱ "የህ፣ ና" አስተማሩኝ፣ "አዎ፣ አይ" ማለት ነው። "የህ ና" ካለሽ እምቢ ማለቱ ነው፣ "ና የህ" ካለሽ እሺ ማለቱ ነው፣ ቀጥታ እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው መጀመሪያ ሰምቼሻለሁ ይሉሻል። እኔም የኛን "እሺ" ነገርኳቸው፣ "እሺ እመጣለሁ" ያለ ሰው እንደማይመጣ ከድምጹ እንደምናውቅ፣ በጣም ነው የተግባባነው።

ቶርኪ ደረስን። የሰርፍ ከተማ ነች፣ ሪፕ ከርል እና ኩዊክሲልቨር ሁለቱም በ1969 እዛች ትንሽ ከተማ ነው የተመሰረቱት። ሚያዝያ እዛ መኸር ነው፣ ብርድ ነው፣ ልጆቹ ግን ወፍራም ጥቁር የላስቲክ ልብስ ለብሰው ገቡ። ማሙሽ ዋና የተማረው ትምህርት ቤት ነው። በበጋ ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ላይ ቀይና ቢጫ ባንዲራ ይተከላል፣ በሁለቱ መሃል ብቻ ዋኚ ይባላል፣ ይሄን የማያውቅ ሕጻን የለም፣ ጠባቂዎቹ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚሰሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመና ሆኖ እያለ እንኳን ሰንስክሪን ተቀቡ፣ ለኔም ሰጡኝ፣ የቆዳ ካንሰር ስለሚበዛባቸው ከ1981 ጀምሮ "ሸሚዝ ልበስ፣ ክሬም ተቀባ፣ ኮፍያ አድርግ" እየተባለ በዘፈን ነው ያደጉት።

መንገዱን የሰሩት ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው፣ ከ1919 እስከ 1932፣ በአካፋና በዶማ ገደሉን እየቆፈሩ፣ ለሞቱ ጓደኞቻቸው መታሰቢያ። መንገዱ ላይ ያለው የእንጨት ቅስት ጋ ልጆቹ ቆሙ፣ ፎቶ አነሱኝ። ሎርን አደርን። ሰኞ ኬኔት ሪቨር ላይ ዛፍ ላይ የተኛ ኮዋላ አየሁ፣ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉት የባህር ዓለቶች ጋ ሳንደርስ መሸብን፣ ስማቸውን ስሰማ ግን ለማየት በጣም ጓጉቼ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ማሙሽ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ይዞኝ ገባ። ፕሮፌሰሯን በስሟ ጠርቶ አስተዋወቀኝ። ተማሪው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ እጁን አውጥቶ "አልገባኝም፣ የተሳሳትሽም ይመስለኛል" ይላል፣ እሷም "እስቲ አብረን እንየው" ትላለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ሲወጣ ያመሰግናታል። የትምህርት ክፍያውን መንግስት ያበድረዋል፣ ከ1989 ጀምሮ ያለ ስርዓት ነው፣ ተመርቆ ዓመታዊ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው ከደሞዙ መቆረጥ የሚጀምረው፣ ያኔ መጠኑ 54 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር ሻይ ስንጠጣ ያወሩት ስለዚህ ዕዳና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነው። ድሮ 18 ሲሞላ ከቤት ይወጣ ነበር፣ አራት አምስት ሆነው ቤት ይከራዩ ነበር፣ አሁን ኪራዩ ስላሻቀበ ብዙዎቹ እናት አባታቸው ጋ ናቸው። "ልክ እንደ እኛ ሆናችኋል" አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ምርጫ። ማሙሽ ለፌዴራል ምርጫ ድምፅ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። እዛ ከ1924 ጀምሮ መምረጥ ግዴታ ነው፣ ያልመረጠ 20 ዶላር ይቀጣል፣ ቀኑም ሁሌ ቅዳሜ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ጭስ፣ ሽንኩርት፣ ቋሊማ፣ "ዲሞክራሲ ሶሴጅ" ይሉታል፣ ሽያጩ ለትምህርት ቤቱ ነው የሚገባው፣ ሚሚ ሽርጥ አድርጋ ሶስ እየጨመረች ትሸጣለች። ወታደር የለም። ቲሸርት የለበሱ የየፓርቲው ልጆች በር ላይ ወረቀት ያድላሉ፣ የተቀናቃኝ ፓርቲ ልጆች ናቸው ግን አንዱ ለሌላው ቡና ገዝቶ ሲሰጠው አየሁ። ማሙሽ አረንጓዴውን ወረቀት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሁሉንም ተወዳዳሪ በቅደም ተከተል በእርሳስ ቁጥር መስጠት አለበት፣ ነጩ የሴኔቱ ወረቀት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አይበቃም። ሲወጣ "በቃ?" አልኩት። "በቃ" አለኝ፣ ሶሴጁን እየነከሰ።

ያን ማታ ውጤቱ ታወቀ፣ ሌበር ፓርቲ አሸነፈ፣ የተቃዋሚው መሪ የራሱን ወንበር እንኳን አጥቶ ወጥቶ ሽንፈቱን ተቀበለና ለአሸናፊው መልካም ተመኘ። ልጆቹ ቻናል ቀየሩ፣ ፉቲ ነበረ። እኔ ግን ለብቻዬ ሳስብ አመሸሁ።

እሁድ፣ ሚያዝያ 26

ሻንጣዬ በሩ ጋ ቆሟል። ወደ ኤርፖርት ከመሄዳችን በፊት እማዬ ጋ ደወልን፣ እዛ 10 ሰዓት ነው፣ አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት። ኔትወርኩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፣ ምስሉ ገና አልመጣም። ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መኪና ውስጥ እንደተለማመድነው አንዲት ቃል ሳይስት፣

"ጤና ይስጥልኝ አያቴ፣ እንደምን አደሩ? ጤናዎት እንዴት ነው?" አለ።

ዝም አሉ።

"ማን ልበል?"

"ማሙሽ ነኝ።"

"የኔ ማሙሽ? ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ? እንደ ባዳ አናገርከኝ እኮ! እንደ ወትሮህ በለኝ።"

እህቴ አፏን በእጇ ያዘች፣ እኔም ምን እንደምል አላውቅም። ማሙሽ አየን፣ ከዛ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ "እሺ አያቴ፣ ደህና ነሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የአባትሽ ኒሻን አለሽ አሉኝ፣ ማየት እችላለሁ? እዚህ ሀገር በቀኝ በኩል ነው የሚደረገው" አላቸው።

ምስሉ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እማዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነስተው ነበር፣ "ቁልፉን የት ነው ያደረግሁት፣ ቆይ፣ እንዳትዘጋው" ሲሉ ይሰማል፣ ስልኩ ሶፋው ላይ ወድቆ ጣራውን እያሳየን ነበር፣ ማሙሽም ጣራውን እያየ ጠበቀ።